በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አቀማመጥ፣ ዓይን፣ እጅና ድምፅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ለባንክ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለግል ኩባንያና ለተራድኦ ድርጅት ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ሥራ ፈላጊዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚነሱት ከአንድ ችግር ነው። ዓይንን ዝቅ ማድረግ፣ ድምፅን መቀነስ፣ ስለራስ አለማውራት በቤትና በሰፈር የተማርናቸው የአክብሮት ምልክቶች ናቸው፤ ነጥብ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ግን «አልተዘጋጀችም»፣ «በራሱ አይተማመንም» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። አክብሮቱን መተው አያስፈልግም። የትኛውን እንዳለ ይዞ መግባት፣ የትኛውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማስተካከል እንደሚገባ መለየት ነው የሚያስፈልገው።

ስንት ሰዓት ላይ ልድረስ?

የግቢው በር ላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ መቆያ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ተገኙ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የሚባክን እንዳይመስላችሁ። በኤምባሲዎች፣ በተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎችና በትልልቅ ድርጅቶች መግቢያ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ይያዛል፣ ላፕቶፕ ይመዘገባል። ጥበቃው ወደ ውስጥ ደውሎ ስማችሁን እስኪያረጋግጥም ትቆማላችሁ። ሊፍቱ ካልሠራ 6ኛ ወይም 7ኛ ፎቅ በእግር መውጣት ይመጣል፤ እያለከለከ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልሰው ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። በጣም ቀድሞ መቆያ ክፍል ውስጥ መቀመጥም ጥሩ አይደለም፤ ጸሐፊዋንና ፈታኞቹን ያጣድፋል። ጊዜ ከተረፋችሁ አቅራቢያ ያለ ካፌ ቁጭ በሉ።

ከመንገድ መጨናነቅ ባልተናነሰ ሰውን ከቀጠሮ የሚያስቀረው የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ኢሜይል ጠዋት 9:00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 3:00 ካለ ደግሞ የእኛ 9 ሰዓት። በአማርኛ ደውሎ «3 ሰዓት ኑ» ያላችሁ ሰው ጠዋት ማለቱ ነው፤ ከውጭ ዜጎች ጋር የሚሠራ ሠራተኛ ግን አንዳንዴ ያቀላቅለዋል። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉንም ደግማችሁ ተናገሩ፦ «ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 21፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ልክ ነኝ?» ይህን መጠየቅ ቸልተኛ አያስመስልም። ጠንቃቃ ያስብላል እንጂ።

መንገድ ላይ ቢዘጋብኝስ?

ሰዓቱ ሳይደርስ ደውሉና የምትዘገዩበትን ደቂቃ በቁጥር ተናገሩ። 10 ደቂቃ ብላችሁ 25 ደቂቃ ከምትዘገዩ፣ 25 ብላችሁ በ20 ብትደርሱ ይሻላል። ስትገቡ አንድ አጭር ይቅርታ ይበቃል፤ የመንገዱን ታሪክ መተረክ ከቃለ መጠይቁ ጊዜ ላይ ይቆርጣል።

ምን ይዤ ልግባ? እንዴትስ ልያዘው?

ሰነዶቻችሁን ሊጠየቁ በሚችሉበት ቅደም ተከተል አንድ ፋይል ውስጥ አኑሯቸው፦ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ከተጀመረበት ከ2015 ወዲህ ለተመረቃችሁ ውጤቱ፣ ለቴክኒክና ሙያ ምሩቃን ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ በመጨረሻ የሥራ ልምድ ማስረጃዎች። ኦሪጅናሉ በአንድ ኪስ፣ ኮፒው በሌላው ይሁን። ሲቪ 4 ቅጂ ያዙ፤ ፓናሉ (የፈታኞቹ ቡድን) ውስጥ ያሉት ሁሉ ታትሞ ላይደርሳቸው ይችላል።

በፌስታል ይዞ መምጣት ነውር የለበትም። ችግሩ ድምፁ ነው፦ እያንዳንዱ ወረቀት በወጣ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል። ርካሽ የፕላስቲክ ፋይል ይህን ያስቀራል። ወረቀት ስትሰጡ በቀኝ እጅ ወይም በሁለት እጅ፣ ጽሑፉ ወደ ተቀባዩ ዞሮ ይሁን። ቦርሳችሁን ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ አኑሩ። ጭን ላይ የታቀፈ ቦርሳ እጃችሁን ያስራል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ደግሞ የፈታኞቹን ቦታ ይሻማል።

አለባበሴስ?

ለባንክ፣ ለኢንሹራንስና ለቢሮ ሥራ ኮትና ሸሚዝ፣ ወይም ሙሉ ቀሚስ ወይም ጉርድ ከሸሚዝ ጋር የተለመደ ነው። ለመስክ፣ ለግንባታና ለጋራዥ ሥራ ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ ይበቃል፤ እዚያ ክራቫት አስሮ መገኘት ሥራውን አለማወቅ ሊመስል ይችላል። የመረጣችሁትን ልብስ በዋዜማው ለብሳችሁ መስታወት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉርዱ ከጉልበት በላይ የሚሸሸው፣ የሸሚዙ ቁልፍ መሃል ላይ የሚከፈተው፣ ካልሲው አጥሮ እግር የሚታየው ቁጭ ሲባል ነው፤ ቆሞ በመለካት አይታወቅም። አዲስ ኮት ከሆነ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ቅደዱት፣ ከኋላ መቀደጃውን የያዘውን የመስቀለኛ ክርም ፍቱ። ኮት ስትቀመጡ ይፈታል፣ ስትነሱ ይቆለፋል።

አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረገው ያን ቀን አይሁን። ክረምት ከሆነ በጭቃው ጫማ መጥታችሁ ሕንፃው አጠገብ ያለ ሊስትሮ ዘንድ ማስጠረግ፣ ወይም መቀየሪያ መያዝ ነው። ሽቶ በጣም ጥቂት፤ የቃለ መጠይቅ ክፍል ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው፣ መስኮቱም ዝግ። ሐዘን ላይ ሆናችሁ ጥቁር ብትለብሱ፣ ሂጃብ ብታደርጉ፣ ማተብ ብታስሩ ማብራሪያ መስጠት አይጠበቅባችሁም።

መቆያ ክፍል ውስጥ የሚያየኝ አለ?

አለ። ጥበቃው፣ የእንግዳ ተቀባይዋና ጸሐፊዋ አስተያየታቸውን ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ባይጠየቁም ያወራሉ። ሰላምታችሁ ለእነሱም ሙሉ ይሁን። ስልክ ይጥፋ፤ ንዝረት ላይ ማድረግ በቂ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ወይም ቦርሳ ውስጥ ሲንዘር ይሰማል። ማስቲካችሁን ከመጠራታችሁ በፊት በሶፍት ጠቅልላችሁ ጣሉ። ከሌሎች ተፈታኞች ጋር ማውራት ይቻላል፤ «ምን ጠየቁህ?» እያሉ ከሚወጣው ሁሉ ጥያቄ መልቀም ግን ከውስጥም ይሰማል፣ እናንተንም ያስደነግጣል።

ስገባ እጅ ልጨብጥ ወይስ ከሩቅ ሰላም ልበል?

እጅ የመዘርጋቱን ውሳኔ ለፈታኞቹ ተዉት። በሩን ሁለቴ ወይም ሦስቴ አንኳኩ፣ ሲፈቀድላችሁ ግቡ፣ ጀርባችሁን ለሰው ሳትሰጡ በሩን ዝጉ፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ እይታ አዳርሳችሁ «እንደምን አደራችሁ» ወይም «እንደምን ዋላችሁ» በሉ፤ ራስን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። አምስት ሰው ከተደረደረ እየዞሩ መጨበጥ አያስፈልግም። ከተዘረጋላችሁ ግን ከሁሉም ጋር ጨብጡ፤ አንዱን ጨብጦ ሌላውን ማለፍ ቅሬታ ይተዋል።

አጨባበጡ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይቆይ፤ መዳፍ ከመዳፍ ሙሉ በሙሉ ይግጠም፤ ጣት ብቻ መስጠት የፈዘዘ ያስመስላል፣ ማድቀቅም ግፊያ ነው። ለታላቅ ሰው ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደግፎ መጨበጥ ያማረ ልማዳችን ነው፤ እዚህም ቦታው ነው። እጄ ላብ አለው ብሎ አንጓን መስጠት ግን ለሰፈር ይቆይ፤ በመቆያ ክፍል ውስጥ በሶፍት አድርቁት። በሃይማኖት ምክንያት ተቃራኒ ፆታን የማትጨብጡ ከሆነ፣ የሌላው እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ፈገግ በሉ። ፈጥናችሁ ካደረጋችሁት ማንም አያፍርም።

ፓናሉ ውስጥ የምታውቁት ሰው ቢገኝ? ልክ እንደ ሌሎቹ ሰላም በሉት። ትከሻ ለትከሻ መሳም፣ «እንዴት ነው ቤተሰብ?» ማለት ለእናንተም ለእሱም ጉዳት ነው፤ ሌሎቹ ፈታኞች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ውጤታችሁን በጥርጣሬ ያዩታል።

ዘግይቶ የሚገባ ፈታኝ ቢኖር ልነሳ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ከወንበራችሁ ከፍ ብላችሁ ሰላም በሉት፣ «ኖር» ቢባልም ያስከብራል። ከዚያ በኋላ ሰው በወጣ በገባ ቁጥር መነሳት ንግግራችሁን ይቆራርጣል፤ ተቀምጣችሁ ቀጥሉ።

እንዴት ልቀመጥ?

«ተቀመጥ»፣ «ተቀመጪ» እስክትባሉ ቁሙ፤ ዝም ካሉ «መቀመጥ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ከትሕትና የተነሳ የወንበሩ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ወገብ ይደክማል፣ ትከሻ ወደፊት ይጎብጣል፣ ደረት ስለሚታፈን ድምፅም ይቀጥናል። ዳሌያችሁን እስከ መደገፊያው ግፉት፣ ጀርባችሁን አቅኑ፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ። ጥያቄ ሲጠየቅ ትንሽ ወደ ጠረጴዛው ማዘንበል መከታተላችሁን ያሳያል።

ወንበሩ ተሽከርካሪ ከሆነ እግራችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ርገጡ፤ ሳይታወቃችሁ ግራና ቀኝ ትወዛወዛላችሁ፣ ፈታኞቹም ከመልሱ ይልቅ ወንበሩን ያያሉ። ዝቅ ያለ ሶፋ ከሆነ ደግሞ ምክሩ ይገለበጣል፦ ፊተኛው አጋማሽ ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ኋላ ከተደገፋችሁ ትሰምጣላችሁ። እግር በእግር ላይ መጫን በታላላቆች ፊት እንደ ድፍረት የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ ቁርጭምጭሚትን ማጣመር ግን ማንንም አይከፋም። እግር የሚነቀንቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለው ውሃ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ራሱን መያዝ ይችላል።

ዓይን ዓይናቸውን ማየት ድፍረት አይሆንም?

በዚህ ገጽ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ሰው ነጥብ የሚያጣበት ይኸኛው ነው። ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ጉልበቱን እያየ ይመልሳል። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ደግሞ ስለ አስተዳደጉ አያስብም፤ ፎርሙ ላይ «በራስ መተማመን» የሚል ረድፍ አለ፣ እዚያ ላይ ቁጥር መጻፍ አለበት።

መፍትሔው ማፍጠጥ አይደለም። ጥያቄው ሲጠየቅ የጠያቂውን ፊት እዩ፤ ዓይኑ ከከበዳችሁ በቅንድቦቹ መካከል ያለውን ቦታ እዩ፤ እሱ ልዩነቱን አያውቀውም። መልሱን ለጠያቂው ጀምሩ፣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለሌላው ፈታኝ፣ ሦስተኛውን ለሚቀጥለው ስጡ፣ ስትጨርሱ ወደ ጠያቂው ተመለሱ። በአንድ ሰው ላይ 4 ወይም 5 ሰከንድ ይበቃል። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰው አትርሱት፤ ብዙ ጊዜ የወደፊቱ የክፍል ኃላፊያችሁ እሱ ነው፣ ነጥብም ይሰጣል። ስታስቡ ዓይን ከሰው ላይ ቢነሳ ተፈጥሮ ነው፤ ወደ ጎን ይነሳ እንጂ ወደ መሬት አይውደቅ።

ይህ በንባብ አይመጣም። ሦስት የቤተሰብ ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና ለ10 ደቂቃ ያህል ተለማመዱ፤ ስልክ ይቅረጽ። ቅጂውን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ዓይናችሁ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ጎልተው ይታያሉ። ቀጥሎ ስልኩን ገልብጣችሁ ድምፁን ብቻ ስሙት፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚዋጥባቸውን ቦታዎች ታገኛላችሁ። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቴ ቢደረግ ለውጡ ይታያል።

እጆቼን የት ላድርጋቸው?

ጠረጴዛ ካለ አንጓችሁን ጫፉ ላይ አሳርፉ፤ ከሌለ ጭናችሁ ላይ። ስትናገሩ እጅ ቢንቀሳቀስ መልካም ነው፣ ከደረት በላይ ካልወጣና ጣት ወደ ሰው ካልቀሰረ። ደረት ላይ የተጣጠፉ ክንዶች፣ ኪስ ውስጥ ያለ እጅ፣ የሚንቀጫቀጭ እስክሪብቶ፣ በየደቂቃው የሚስተካከል ሻሽ ወይም ጸጉር ሰው የሚያስታውሳቸው ነገሮች ናቸው። አፍን በእጅ ሸፍኖ መናገርና መሳቅም በዚያው ይመደባል፤ ትሕትና ቢሆንም ቃላቱን ይበላል።

አንቱ ልበል? በምንስ ልጥራቸው?

ሁሉንም አንቱ በሉ፤ ፈታኙ በዕድሜ ቢያንሳችሁም፣ እሱ እናንተን አንተ ወይም አንቺ ቢላችሁም። ራሱ «አንተ በለኝ» ካለ እሺ በሉ። አጠራሩ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ ዶክተር ወይም ኢንጂነር ተብሎ ከራሱ ስም ጋር ነው። ማዕረጉን ካላወቃችሁ «እርስዎ እንዳሉት» ማለት ሁሉንም ያድናል። ጋሼ፣ እትዬ፣ አባቴ፣ እናቴ ፍቅር ያላቸው አጠራሮች ናቸው፤ ይህ ቦታቸው ግን አይደለም፤ ልመና ያስመስላሉ። በወይዘሮና በወይዘሪት መካከል መገመት ካለባችሁ አትገምቱ፤ የሥራ ማዕረጓን ተጠቀሙ።

ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ይጎዳኛል?

ሊጎዳችሁ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ በጣም ሩቅ ለተቀመጠው ሰው ተናገሩ፤ ውጭ ጄኔሬተር ከተነሳ ቆም ብላችሁ ድምፃችሁን ጨምሩ። አማርኛ ላይ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ መጨረሻው ከተዋጠ «ሠርቻለሁ» ይሁን «አልሠራሁም» አይለይም። የዓረፍተ ነገሩን ጅራት አትልቀቁ።

ሌላም አለ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንለው ለእኛ ግልጽ ነው። ለውጭ አገር ፈታኝ ግን የደነገጣችሁ ወይም ትንፋሽ ያጠራችሁ ይመስለዋል፤ በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ደግሞ ማይክሮፎኑ አይዘውም፣ ዝም ያላችሁ ይመስላል። ቅንድብ ማንሳትም እንደዚሁ። ቃሉን አውጥታችሁ ተናገሩት። ጠያቂው ሳይጨርስ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ማለትም እንደ ማጣደፍ ይሰማል።

ፈታኞቹ አያዩኝም፣ ይጽፋሉ። አልወደዱኝም ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ድርጅቶች ለሁሉም ተፈታኝ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቀው እያንዳንዱ ፈታኝ ለብቻው ነጥብ እንዲሞላ ያደርጋሉ። ፊቱን ያጠቆረውም ሰው አድልዎ ላለማሳየት ተጠንቅቆ ይሆናል። ከፊታቸው ውጤት ለማንበብ የሚሞክር ተፈታኝ ንግግሩን ያሳጥራል ወይም ያለቦታው ያስረዝማል። ሲጽፉ ትንሽ ዝግ በሉላቸው፤ የሚጽፉት የእናንተን መልስ ነው።

ስለራሴ ማውራት ጉራ ይመስለኛል። «እኛ» ብል አይሻልም?

ትሕትናው መልካም ነው፤ ችግሩ ፓናሉ የሚቀጥረው እናንተን እንጂ ቡድናችሁን አለመሆኑ ነው። «ሠርተናል፣ አሳክተናል» የሚል መልስ ላይ የእናንተ ድርሻ ስለማይታይ ነጥብ አይሰጥበትም። የቡድኑን ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አክብሩና ወደ ራሳችሁ ሂዱ፦ «ክፍሉ ውስጥ 4 ነበርን። የወር መዝጊያ ሒሳቡን የማስታርቀው እኔ ነበርኩ። ስጀምር 9 ቀን ይፈጅ ነበር፤ ደረሰኞቹ በየሳምንቱ እንዲሰበሰቡ በማድረግ ወደ 4 ቀን አወረድኩት።» እዚህ ውስጥ ጉራ የለም፤ ያለው ሥራና ቁጥር ነው። «ስለራስህ ንገረን» ለሚለው ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ትውልድና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አትግቡ።

መሐላ አትጠቀሙ። «እውነቴን ነው»፣ «ወላሂ»፣ «እግዚአብሔርን» ማለት ከእሱ በፊት የተናገራችሁትን ያጠራጥራል።

ጥያቄው ካልገባኝ ወይም መልሱን ካላወቅኩ?

«ይቅርታ፣ ጥያቄውን ቢደግሙልኝ?» ማለት አንዴ ወይም ሁለቴ ምንም አይጎዳም። 3 ወይም 4 ሰከንድ ዝም ብሎ ማሰብም ለእናንተ ረጅም ይመስላል እንጂ ለሰሚው አጭር ነው። የማታውቁትን «ይህን መሣሪያ አልተጠቀምኩበትም፤ የሚቀርበውን ይኸኛውን ግን ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ» ብላችሁ ንገሩ። መላ የተመታ መልስ በሚቀጥለው ጥያቄ ይጋለጣል።

በቋንቋም ነገር፦ በተጠየቃችሁበት ቋንቋ ጀምሩ። በእንግሊዝኛ ከተጠየቃችሁ በኋላ ሐሳቡ ከጠፋችሁ «ይህን ነጥብ በአማርኛ ላስረዳ?» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ሳያስፈቅዱ መሻገር መሸሽ ይመስላል።

ፍርሃቱ እጄን ያንቀጠቅጠዋል።

መቆያ ክፍል ውስጥ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይህን ስታደርጉ የልብ ምት ይረጋጋል። ባዶ ሆድ አትሂዱ፤ ጾም ላይ ካልሆናችሁ እንቁላል ወይም ገንፎ የመሰለ የሚያቆይ ቁርስ ብሉ። የለመዳችሁትን ያህል ቡና ጠጡ፣ ከዚያ አትጨምሩ፤ ቡና መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል። ክፍሉ ውስጥ ወረቀት በእጃችሁ አትያዙ፤ መንቀጥቀጡን የሚያሳየው ወረቀቱ ነው።

ውሃ ወይም ሻይ ሲያቀርቡልኝ እንቢ ማለት አለብኝ?

እንግዳ ሆነን «አይ፣ ይቅርብኝ» እያልን እስክንለመን የምንጠብቀው እዚህ አይሠራም። ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው «አመሰግናለሁ፣ ውሃ ቢሆን ደስ ይለኛል»፤ ካልፈለጋችሁ «አመሰግናለሁ፣ አያስፈልገኝም»። ትኩስ ነገር ከመያዝ ውሃ ይሻላል።

«አግብተሻል?»፣ «እርጉዝ ነሽ?»፣ «አገርህ የት ነው?» ቢሉኝስ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሰል ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ይሁንና ጥያቄው ይመጣል፣ አንዳንዴም ያለ ክፉ ሐሳብ። ፊት ሳይጠቁር፣ ድምፅ ሳይለወጥ ወደ ሥራው መልሱት፦ «የሥራ ሰዓቱንና የመስክ ጉዞውን የሚያሳስብ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ላይ እንደተገለጸው መሥራት እችላለሁ።» ሁለተኛ ቢደገም «ይህ ከሥራው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ቢያስረዱኝ» ማለት ሥርዓት ያለው መልስ ነው። የግል ስልክ ወይም ከቢሮ ውጭ ቀጠሮ የሚጠይቅ ፈታኝ ካጋጠመ ግን መታገሥ አይገባም፤ ቀኑንና የተባለውን ጽፋችሁ ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል አሳውቁ።

ደመወዝ መቼ ይነሳል?

እነሱ ሲያነሱት። «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲሉ «እናንተ ያላችሁት» ማለት ከትሕትና የመጣ ቢሆንም ዋጋችሁን የማታውቁ ያስመስላል። ቁጥሩን፣ ያልተጣራ ወይም የተጣራ መሆኑን ጨምራችሁ ተናገሩና ዝም በሉ። ካልተጣራው ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚቀነስ ሁለቱን ማቀላቀል በኋላ ቅሬታ ያመጣል። ብዙ ሰው ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ ይስቃል፣ መሬት ያያል፣ ወይም ሳይጠየቅ ራሱ ይቀንሳል። ያ ዝምታ ለ5 ሰከንድ ያህል ነው፤ ቻሉት። ማስታወቂያው «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ካለ ግን መደራደር አይጠበቅም።

በዙም ወይም በቲምስ ከሆነ ምን ይለያል?

ካሜራው በዓይናችሁ ልክ ይሁን፤ ላፕቶፑን 3 ወይም 4 ወፍራም መጽሐፍ ላይ አስቀምጡት። በእጅ የተያዘ ስልክ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች ወደ ላይ ሲያሳይም አገጭና ኮርኒስ ብቻ ይታያል። ከስክሪኑ የአንድ ክንድ ያህል ራቁ። መስኮቱ ከፊታችሁ እንጂ ከጀርባችሁ አይሁን፤ ከጀርባ ከሆነ ጥላ ብቻ ትሆናላችሁ። ስትናገሩ ሌንሱን፣ ስትሰሙ ስክሪኑን እዩ። የራሳችሁን ምስል ደብቁት፤ ዓይን ወደዚያ ይሳባል።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ላፕቶፑና ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይኑራቸው፣ ስልኩ ላይ ዳታ ተሞልቶ ዋይፋይ ሲቋረጥ የሚተካ ይሁን፣ የአስተባባሪው ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከተቋረጠ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አጭር መልእክት ላኩ፦ «መብራት ጠፍቶ ነው፤ በስልክ ዳታ እየተመለስኩ ነው።» የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ የሚሰማበት ሰዓት ከሆነ ስትሰሙ ማይክ አጥፉ፣ ስትናገሩ የጆሮ ማዳመጫው ማይክ ይጠቅማል።

ፈታኙ የውጭ ዜጋ ከሆነ ወይም ውጭ አገር ለሥራ ስፈተን?

አሜሪካ ውስጥ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ የሚደረገው የሁለት ደቂቃ ጨዋታ የቃለ መጠይቁ አካል ነው፤ በአንድ ቃል አትዝጉት። ፈገግታና ቀጥተኛ ዓይን ከእኛ የበለጠ ይጠበቃል፣ በራስ ስም መጠራራትም የተለመደ ነው። ወረቀት ላይ የአባታችሁ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ በዚያ ቢጠሯችሁ አትደናገሩ፤ «በዚህኛው ስም ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይቻላል። እስራኤል ውስጥ ፈታኙ መሃል ገብቶ ቢያቋርጥ ወይም ቢከራከር እንደ ንቀት አትውሰዱት፤ ሐሳባችሁን ይዛችሁ ቀጥሉ። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ቀኝ እጅ ብቻ ይሰጣል፣ የጫማ ሶል ወደ ሰው አይዞርም፣ ሴት ካልዘረጋች ወንድ አይዘረጋም። ጀርመን ውስጥ 5 ደቂቃ መዘግየትም መዘግየት ነው።

አንድ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። ልናገር?

ተናገሩ፤ ስትቀመጡ «በዚህ በኩል ብቀመጥ ይሻለኛል» በቂ ነው። ደብቆ ሦስት ጥያቄ ማስደገም ከዚያ ይከፋል።

ሲያልቅ እንዴት ልውጣ? ከዚያስ?

«ጥያቄ አለህ?» ሲባል አንድ ወይም ሁለት ይኑራችሁ፦ የሙከራ ጊዜው በምን እንደሚመዘን (በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም)፣ የቅርብ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ውጤቱ መቼና በምን መንገድ እንደሚነገር። ከዚያ ወረቀታችሁን ሳትቸኩሉ ሰብስቡ፣ ኦሪጅናል ሰነድ እንዳልቀረ እዩ፣ ተነሱ፣ ወንበሩን መልሱ፣ ለሁሉም አንድ ምስጋና። በሩን በእጀታው ይዛችሁ ዝጉት። ኮሪደሩ ላይ ስልክ አውጥታችሁ «ከባድ ነበር» ማለት አትጀምሩ፤ ከግቢው እስክትወጡ ድረስ እየታያችሁ ነው።

በ24 ሰዓት ውስጥ ለአስተባባሪው አጭር ኢሜይል ላኩ፤ ቀጠሮው በስልክ ብቻ ከተያዘ አጭር መልእክት ይበቃል። ለፈታኞች በግል ስልካቸው ወይም በፌስቡክ አትጻፉ። የተባለው ቀን ካለፈ 2 ወይም 3 የሥራ ቀን ጠብቃችሁ አንዴ ደውሉ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ ቀድማችሁ እዚያ እዩ። የመልእክቱ ይዘት እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ጥቅምት 11 ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ቃለ መጠይቅ የተደረገልኝ ነኝ። ስለ ሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። የጠየቃችሁኝን የሥራ ልምድ ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር።